ያልታጠበ ጠገራ ብር ይበልጥ ያወጣል

በ2017 ዓ.ም. በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ የአያቶቹን ሳጥን ከፍቶ ዕቃ ለይቷል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ግርጌ የጠቆረ ጠገራ ብር ያገኘ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው በሎሚና በአመድ አሽቶ ማብራት ነው። ኪሳራው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ማርያ ቴሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች። ከሺህ 833 እጇ ንጹሕ ብር ስለሆነ በውስጧ 23.4 ግራም፣ ማለትም የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ አለ። መስቀል ወይም አምባር ሊሠራባት የሚገዛ አንጥረኛ የሚከፍለው ለዚህ ክብደት ነው፤ ብትጠቁር ባትጠቁር ግድ የለውም። ሰብሳቢ ግን የሚከፍለው ለገጽታዋ ነው።

ብር አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር እየተዋሐደ በዓመታት ብዛት መጀመሪያ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅና ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። በአመድ ሲታሽ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን የምስሉም ልስላሴ ይፋቃል፤ መመለሻ የለውም። ይህን የተረዱ አጭበርባሪዎች የታጠበውን በድኝ አጥነው ያጠቁሩታል። ገዢ በአጉሊ መነጽር ይመልከት፦ ቀለሙ የፍተጋ ጭረት ላይ ከተቀመጠ፣ ጭረቱ ከቀለሙ ቀድሟል ማለት ነው።

1780 የሚለው ዓመትም አያታልል። ይኸው ቁጥር ሳይለወጥ በቪየና፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። ሙሶሊኒም በ1927 ዓ.ም. ቅርጹን ከኦስትሪያ አግኝቶ ለወረራው ሮም ላይ አስመትቷል። (ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ከጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የቤቶች ድርጅት ምህፃረ ቃል ነው።) ዓመቱ አንድ ስለሆነ ምቱን የሚለየው በንግሥቲቱ ትከሻ ያለው ጌጥና የአሞራው ላባ ነው። የጥንት ነጋዴም የጌጡን ዕንቁ ቆጥሮ፣ ያለቀውን ይመልስ ነበር።

ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር የተሻለ ይፈለጋል፤ በተለይ 1887 የሚለው ከ1889ኙ ይልቅ ብርቅ ነው። ለአንገት ጌጥ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ግን፣ ዓመቱ ምንም ቢሆን፣ ወደ አንጥረኛው ሚዛን ይመለሳል።

ገበያው ጠባብ ነው፤ በቸኮሉ ጊዜ ገዢ አይገኝም። ገዢው የውጭ ሰው ከሆነ ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ፈቃዱን ማን እንደሚያስጨርስ ከዋጋው በፊት መነጋገር ይሻላል።