የጭን አጥንት አንገት ስብራትና የሆስፒታል ቆይታ

በሰው ገላ ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ረጅሙና ብርቱው የጭን አጥንት ነው። ነገር ግን ከዳሌ ጋር የሚጋጠምበት አንገቱ በእርጅና ዘመን እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ሽማግሌ ወይም አሮጊት በደጃፍ ተንሸራትተው በጎናቸው ቢወድቁ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ይህ ስፍራ ነው። የተሰበረው እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ይታያል። የአጥንቱን ራስ የሚመግቡት የደም ሥሮች በዚያው አንገት ላይ ስለሚያልፉ፣ ወጌሻ ቢያሸው ወይም ቢጎትተው ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ከጎረቤላ የሚነሣ በሽተኛ እግሩ ሳይነቃነቅ በቃሬዛ ሆኖ ደብረ ብርሃን ወዳለው ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ሳይዘገይ መድረስ አለበት፤ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀዶ ጥገናው በ2 ቀን ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል።

ከዚያ በኋላ ቤተ ዘመድ ሁሉ «ስንት ቀን ይተኛሉ?» ብሎ ይጠይቃል። አስታማሚ ሥራውን ትቶ በከተማ ስለሚሰነብት ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በቀን ቍጥር ብቻ አይገኝም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2012 በስዊድን አገር ከ110 ሺህ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሕሙማን ተጠንተው ነበር። ከ10 ቀን በላይ ካልቆዩት መካከል ቆይታው ባጠረ ቍጥር፣ ከወጡ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ የሚሞቱት በዝተው ተገኙ። በኒው ዮርክ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ይበልጥ የሞቱት ረጅም ጊዜ የቆዩት ናቸው። ሁለቱ የሚጋጩ ቢመስሉም አይጋጩም። በአሜሪካ ቶሎ የሚወጣው በሽተኛ ብዙ ጊዜ የሚሄደው መራመድ ወደሚለማመድበት ሌላ የሕክምና ቤት ነው፤ በእኛ አገር ግን የሚሄደው ወደ ገዛ ቤቱ ነው። እንግዲህ የሚመዘነው በሽተኛው በተኛበት ቀን ምን ሠራ፣ ሲወጣስ ማን ይቀበለዋል የሚለው ነው።

«አትንኳቸው፣ ይረፉ» የሚለው የዘመድ ርኅራኄ እዚህ ላይ ይጎዳል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) በታተመ አንድ ጥናት፣ ጤነኛ ሽማግሌዎች 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲውሉ ቢደረግ ከእግራቸው ጡንቻ 1 ኪሎ ግድም ቀነሰ። ስብራት ሲጨመርበት የአልጋ ቁስል፣ የሳምባ ምችና በእግር የደም ሥር የደም መርጋት ይከተላል። ስለዚህ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር በሽተኛው የሕመም ማስታገሻ ወስዶ፣ በቀዶ ጥገናው ማግስት ተደግፎ ይነሣል። ይህ ለአስታማሚ ጭካኔ ይመስላል፤ በባሕር ማዶ ስማር ባየሁት ጊዜ እኔንም አስደንግጦኝ ነበር። ብረቱ የገባው ግን ለዚሁ ነው።

ከመውጣቱ በፊት ከአልጋ ወርዶ ወንበር ላይ መቀመጥና በምርኩዝ ጥቂት መራመድ መቻሉን አስታማሚው በዓይኑ ይይ። በቤትም ዝቅተኛው መደብና ዱካ ለታከመ ዳሌ ስለማይመቹ ከፍ ያለ መቀመጫ ይዘጋጅ፤ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ድንጋዩ ይነሣ፤ ጭቃውም ይደልደል። እንቍላልና ወተት ያስፈልጋል፤ ወራቱ ጾም ቢሆን የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል። የቀድሞ አካሄዳቸውን መልሰው የሚያገኙት እኩሌታ ያህሉ ናቸው፤ የሚያገኙትም አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። በእነዚህ ወራት የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አያቱን ይዞ እስከ አጥሩ በር ቢያደርስና ቢመልስ፣ በየሳምንቱም ጥቂት እርምጃ ቢጨምር፣ ሆስፒታሉ የጀመረው ሥራ በቤት ይቀጥላል።