አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ማነቆውን ፈልጉ

ጌም ስትጫወቱ ምስሉ ይቆራረጣል? ጨዋታው እስኪከፈት ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መልስ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። ወላጆች ደግሞ «ይኼኛው ምን ሆነ?» ይላሉ። ክርክሩም ይቀጥላል።

እኔ ለማስተርስ ትምህርት ወደ ካናዳ መጥቼ እዚሁ ቶሮንቶ የቀረሁ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። በሥራችን አንድ ፕሮግራም ሲዘገይ መጀመሪያ የምናደርገው መለካት ነው። መግዛት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ልማድ ለቤት ኮምፒውተርም ይሠራል።

ማነቆ ምንድን ነው?

«ማነቆ» የሚለው ቃል «አነቀ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ሥራ የሚታነቅበትን፣ ሌላው ሁሉ ቆሞ የሚጠብቅበትን ቦታ ያመለክታል። በዜና ላይ «የልማት ማነቆ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል።

የበዓል ዋዜማ ወጥ ቤትን አስቡ። ሃርድ ዲስክ ጓዳው ነው፤ አስቤዛው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ራም ጠረጴዛው ነው፤ አሁን የሚያስፈልገው ብቻ ከጓዳ ወጥቶ እዚያ ይዘረጋል። ፕሮሰሰሩ ሥራውን የምትመራዋ ባለሙያ ናት። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ሽንኩርት የሚከትፉ ብዙ ረዳቶች ናቸው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ረዳት ብትጨምሩ ምን ይጠቅማል? ተጋፍተው ይቆማሉ እንጂ ወጡ ቶሎ አይደርስም።

እንዴት ይለካል?

ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ጊዜ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ ተዉትና አሥር ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። ከዚያ ተመልሳችሁ መስመሮቹን እዩ። ጌሙ ውስጥ የምስሉን ፍጥነት የሚገድብ ሴቲንግ ካለ ግን ከመለካታችሁ በፊት አጥፉት፤ አለዚያ ቁጥሩ ያታልላችኋል።

ግራፊክስ ካርዱ 100 በመቶ አካባቢ ከሆነ ማነቆው እሱ ነው። ራሙ ሞልቶ ዲስኩም ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ ጠረጴዛው ጠቧል ማለት ነው። ፕሮሰሰሩን ስታዩ ግን ተጠንቀቁ። አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰር አንዱ ኮር ብቻ ሥራ በዝቶበት ሌሎቹ ቢያርፉ፣ ጠቅላላው ቁጥር 25 በመቶ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እዩ።

መቆራረጥ ለምን ቶሎ ይታወቃል? በሴኮንድ 60 ምስል ለማሳየት ኮምፒውተሩ ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። አንዱ ክፍል ከዚያ በላይ ከዘገየ ዓይናችሁ ወዲያው ያየዋል።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ኮምፒውተሩ ኮር አይ5 6500 ፕሮሰሰር፣ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ፣ 8 ጊጋባይት ራም እና የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነበረው። «አጎቴ፣ ግራፊክስ ካርዱ አልቆለታል፤ አዲስ ኮምፒውተር ነው የሚያስፈልገኝ» አለኝ። እናቱ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ያጠራቀመችው ገንዘብ ደግሞ ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ያሉትን አያታቸውን ለመጠየቅ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የጌም ብቻ አልነበረም።

አብረን ለካን። ግራፊክስ ካርዱ ግማሽ ጉልበቱን እንኳ አልተጠቀመም ነበር። ራሙ ግን ሞልቷል፤ ዲስኩም 100 በመቶ ላይ ነው። ባለሙያዋ በየደቂቃው ወደ ጓዳ እየሮጠች ነበር ማለት ነው። የድሮ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ ብዙዎቹ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። የተፈለገው መረጃ ዞሮ እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን የሚዞር ነገር የለውም።

አንድ ኤስኤስዲ እና ከነበረው ጋር የሚስማማ ያገለገለ 8 ጊጋባይት ራም ገዛን። ሁለቱ ተደምረው ከ120 የካናዳ ዶላር አላለፉም። ብሎኑን የፈታውም ያሰረውም ልጁ ራሱ ነው። ለመከፈት ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው ጌም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተከፈተ፤ መቆራረጡም ቀረ። «አልቆለታል» የተባለው ግራፊክስ ካርድ አሁንም እዚያው እየሠራ ነው።

መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ አሮጌ ዕቃ ይጠገናል፤ ያለዚያም ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የአንድ ክፍል መበላሸት ሙሉውን ዕቃ ለመጣል በቂ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው።

ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች

የስክሪኑን ገመድ እዩ። ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ገመዱ መሰካት ያለበት እሱ ላይ ነው። ከኋላ ከላይ በኩል ባለው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ ካርዱ ያለ ሥራ ሊቀመጥ ይችላል።

አቧራውን አራግፉ። ኮምፒውተር በጣም ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አጥፉት፣ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት፣ ማራገቢያው እንዳይዞር በጣታችሁ ይዛችሁ በታመቀ አየር ንፉት። በቶሮንቶ የበረዶ ወቅት የቤት አየር ስለሚደርቅ በሰውነታችን ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ስለዚህ ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ብረት ንኩ።

ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ከሆነ የምስሉን መጠን ቀንሱ። 1920 በ1080 ማለት 2,073,600 ነጥቦች ነው፤ 1600 በ900 ደግሞ 1,440,000። ሥራው በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ጥላን የሚመለከተውን ሴቲንግም ዝቅ አድርጉ፤ ብዙ ጉልበት ይበላል።

በገንዘብ የማይፈታው

አዲስ አበባ ካለ የአጎት ልጅ ጋር ስትጫወቱ ቢዘገይስ? ከቶሮንቶ አዲስ አበባ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ መልእክት ሄዶ ለመመለስ ቢያንስ 110 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ከዚያም ይበልጣል። የትኛውም ግራፊክስ ካርድ ይህን አያሳጥርም። ከአገር ቤት ዘመዶች ጋር እንደ ቼዝ ያለ ተራ በተራ የሚኬድ ጨዋታ ምረጡ።

አዲስ መግዛት የሚገባው መቼ ነው?

የደህንነት ጉዳይ ከባድ ምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። የእህቴን ልጅ ፕሮሰሰር ጨምሮ ብዙ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ የሉም። ለግለሰቦች የተዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ይቆያል። ሊኑክስ ሌላው ነፃ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን እንደ ፎርትናይት ያሉ ጌሞች እዚያ ላይ አይሠሩም። ስለዚህ ጥገና ኮምፒውተሩን ለዘላለም አያኖረውም፤ ቤተሰቡ ተረጋግቶ የሚያቅድበትን ጊዜ ግን ይሰጣል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሦስቱን ቁልፎች ተጫኑና ያያችሁትን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ ለእናት ወይም ለአባታችሁ በአማርኛ አስረዱ፦ ጓዳው ነው፣ ጠረጴዛው ነው፣ ወይስ ባለሙያዋ? «አዲስ ግዙልኝ» ከማለት ይልቅ «ማነቆው ይኼ ነው፣ ዋጋውም ይኼን ያህል ነው» ስትሏቸው ወላጆቻችሁ ቁጭ ብለው ያዳምጧችኋል።