ስሜን አላወጣም ያሉት የጢስ ተመራማሪ

ከሰል የምታያይዝ እናት ዓይኗን እየጠረገች ወደ ደጅ ብቅ ማለቷ በየቤቱ የሚታይ ነው። ጢስ ዓይን እንደሚያስለቅስ ሁላችንም እናውቃለን። ከጉሮሮ አልፎ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሠራ ግን በዓይን አይታይም። ይህን በላቦራቶሪ ለክተው ካሳዩት ቀደምት ሳይንቲስቶች አንዷ አሜሪካዊቷ ዶክተር ሜሪ አምደር ናቸው።

ዶክተር ሜሪ በ1921 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፔንሲልቫንያ ክፍለ ሀገር ዶኖራ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ዶኖራ በወንዝ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ፣ የብረታ ብረትና የዚንክ ፋብሪካዎች ሌት ተቀን የሚጤሱባት የሠራተኞች ከተማ ነበረች። ሜሪ በ1943 ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቁ፤ በ1946 ደግሞ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በባዮኬሚስትሪ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1948፣ በተወለዱባት ከተማ መከራ ወረደ። ቀዝቃዛ አየር በሸለቆው ግርጌ ሲተኛ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ክዳን ተደፋበት። የፋብሪካዎቹም ጢስ መውጫ አጥቶ ለቀናት ከተማዋን አፈናት። 14 ሺህ ያህል ነዋሪ ከነበራት ዶኖራ 20 ሰዎች ሞቱ፤ 6 ሺህ የሚሆኑት ታመሙ።

በ1949 ዶክተር ሜሪ በሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት በፊሊፕ ድሪንከር ሥር ተቀጠሩ። ድሪንከር በ1928 መተንፈስ ላቃታቸው ሕሙማን የሚያገለግለውን የብረት ሳንባ ከሠሩት አንዱ ናቸው። ምርምሩን በገንዘብ የሚረዳው ግን አንድ የማዕድን ማቅለጫ ኩባንያ ነበር።

ዶክተር ሜሪ ከባለቤታቸው ከቤንጃሚን ጋር ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትናንሽ እንስሳት ከፋብሪካ ጢስ ጋር የሚወጣውን የሰልፈሪክ አሲድ ጉም እንዲተነፍሱ አደረጉ። የእንስሳቱ ሳንባ ተጎድቶ ተገኘ። ይህም ውጤት ጣቱን የሚቀስረው ምርምሩን ወደሚረዱት ፋብሪካዎች ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ውጤቱን ለሳይንቲስቶች ጉባኤ ሊያቀርቡ ሲሄዱ ሁለት ሰዎች ሊፍት ውስጥ አግኝተው እንዳስፈራሯቸው በሕይወት ታሪካቸው ተጽፏል። እርሳቸው ግን ወደ አዳራሹ ገብተው ጽሑፋቸውን አነበቡ። ሲመለሱ ሌላ ፈተና ጠበቃቸው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ሊያወጣው ከተቀበለው ጽሑፍ ላይ ስማቸውን እንዲያወጡ፣ ጽሑፉንም እንዲመልሱ አለቃቸው አዘዙ። ዶክተር ሜሪ እምቢ አሉ። ሥራቸውንም አጡ።

በዚያ ዘመን በሳይንስ ሙያ ላይ ያለች ሴት ሥራዋን ብታጣ ሌላ በር በቀላሉ አይከፈትላትም ነበር። ቢሆንም እዚያው ሃርቫርድ ውስጥ ዶክተር ጄምስ ዊተንበርገር በፊዚዮሎጂ ክፍል ቦታ ሰጧቸው። ዘላቂ የሥራ ዋስትና ሳያገኙ እስከ 1977 ድረስ በዚያ ሠሩ።

ትልቁን ሥራቸውንም ያከናወኑት በእነዚህ ዓመታት ነው። በ1958 ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ሆነው እንስሳውን ሳያደነዝዙ የመተንፈሻ ቧንቧው ምን ያህል እንደጠበበ የሚለካበትን ዘዴ አወጡ። በዚህም አንድ ቁም ነገር ተረጋገጠ። ከጢስ ጋር የሚወጣው የሰልፈር ጋዝ ብቻውን ሲሆን አብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ እርጥበት ተይዞ ይቀራል። በደቃቅ ብናኝ ላይ ተጭኖ ሲገባ ግን ሳንባ ጥልቀት ድረስ ይዘልቃል፤ ብናኙ በደቀቀ መጠን ጉዳቱ ይብሳል። ዛሬ አገሮች ለአየር ጥራት ደንብ ሲያወጡ ደቃቅ ብናኝን ለይተው መለካታቸው ከዚህ ዓይነቱ ምርምር የመጣ ነው።

ዶክተር ሜሪ ከዚያ በኋላ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል። በ1997 የአሜሪካ የቶክሲኮሎጂ ማኅበር ለረጅም ዘመን አገልግሎት የሚሰጠውን ሽልማት ሲሸልማቸው ለዚህ ክብር የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት በ1998 አረፉ።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ቢሆንም ነገሩ ከማጀታችን የራቀ አይደለም። የማገዶና የከሰል ጢስም ደቃቅ ብናኝ አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞቱት ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ስለዚህ ከሰሉን ደጅ አያይዞ ጢሱ ካለቀለት በኋላ ማስገባት፣ በሚበሰልበት ጊዜ በርና መስኮት መክፈት፣ ሕፃን አዝሎ ምድጃ ሥር አለመቆም ይበጃል። ጢሱ ቢጠፋም ፍሙ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ከሰል የነደደበት ቤት ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

የዶኖራዋ ልጅ ስሟን ላለማውጣት ሥራዋን ከፍላለች። እኛ ግን እንድንከፍት የምንጠየቀው መስኮት ብቻ ነው።