በቤተ ሙከራ የሚሠራው የሰው ኬራቲን እና የቆዳ ጥንካሬ

ከእንጦጦ ተራራ ወደ የካ የማገዶ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶች መዳፋቸውና ተረከዛቸው የደደረ ነው። ቆዳ ተደጋጋሚ ፍትጊያን የሚቋቋመው በዚህ መልክ ሲሆን፣ ጥንካሬውን የሚሰጠውም ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ነው።

የሰው ልጅ 54 የኬራቲን ዘረ መሎች አሉት። ፕሮቲኖቹ በሁለት ዓይነት ይከፈላሉ፤ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ተጣምረውም በህዋሱ ውስጥ ክር ይሠራሉ። በላይኛው የቆዳ ሽፋን የታችኛው ረድፍ የሚጣመሩት ኬራቲን 5 እና ኬራቲን 14 ናቸው።

ለምርምር የሚውለውን ኬራቲን ለማግኘት የሰው ዘረ መል ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ባክቴሪያው የሚያመርተው ፕሮቲን ጓጉሎ ስለሚከማች በዩሪያ ይሟሟል። ከተጣራ በኋላ ጥንዶቹ ተቀላቅለው ዩሪያው ቀስ በቀስ ሲወገድ፣ 10 ናኖ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ክር ይሠራሉ። የዘረ መል ለውጥ ክሩን እንዴት እንደሚያዳክም የሚጠናው በዚሁ ዘዴ ነው። ፕሮቲኑ ግን ለቤተ ሙከራ እንጂ ለሕክምና የተዘጋጀ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1991 የኬራቲን 14 ዘረ መል ለውጥ ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ሲምፕሌክስ የተባለውን በሽታ እንደሚያስከትል ታወቀ። የእነዚያን እናቶች መዳፍ ያደደረው ፍትጊያ የዚህን ሕፃን ቆዳ ውሃ ያስቋጥረዋል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ወላጆችን በማቃጠል ወይም በቸልተኝነት ከመጠርጠሩ በፊት ይህንን በሽታ ሊያስብ፣ ኢንፌክሽን አለመኖሩን ሊያረጋግጥ፣ ቁስሉን በማይጣበቅ መሸፈኛ ሊሸፍንና ሕፃኑን ወደ ቆዳ ሐኪም ሊልክ ይገባዋል። በሽታው ተላላፊ አለመሆኑንም ለቤተሰቡ ያስረዳል።