የኤሌክትሪክ ወይስ የቤንዚን? አነስተኛ ኤስዩቪ ለመምረጥ የሚረዳ ስሌት

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



የዛሬው ርእሴ ከቤት ቀጥሎ ለአንድ ቤተሰብ ትልቁ ሊሆን የሚችለውን ግዢ ይመለከታል። ለዓመታት የተቆጠበ፣ ከዕቁብ የወጣ ወይም ከባንክ የተበደሩት ገንዘብ ይዞ የሚነሣ ሰው ዛሬ በአመዛኙ ሁለት አማራጭ ይቀርብለታል፤ አዲስ ወይም ብዙ ያላገለገለ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ፣ አለዚያም ቀደም ሲል አገር ውስጥ የገባ የቤንዚን ኤስዩቪ።

ምርጫው ይህን መልክ የያዘበት ምክንያት ይታወቃል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገዋል፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት የተጣለው የጉምሩክ ቀረጥም 15 በመቶ ነበር። ስለዚህ ዋጋውን በእጅጉ የቀረጸው ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው ግን መኪናው በየትኛው ግቢ እንደሚያድርና በየትኛው መንገድ እንደሚመላለስ አያውቅም። ያን መመዘን የገዢው ፈንታ ነው። እኔም በዚህ ገለጻ የማስረዳው አንድ ነገር ነው፤ ከመኪናው ዓይነት ይልቅ ምርጫውን የሚወስነው የማደሪያው ቦታ ነው።

የኃይሉ ሒሳብ

ከመሠረቱ እንጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይዟል። በከተማ ውስጥ ቆም፣ ሄድ በሚልበት ጉዞ ግን የቤንዚን ሞተር ወደ ጎማው የሚያደርሰው ከዚህ ኃይል አንድ አምስተኛውን ወይም አንድ አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። የቀረው በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር በአንጻሩ ከባትሪው ከሚወስደው ኃይል ከአምስት እጅ አራቱን ወደ ጎማው ያደርሳል።

በተግባር ሲታይ፣ አነስተኛ የቤንዚን ኤስዩቪ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ያህል ሲፈልግ፣ አቻው የኤሌክትሪክ መኪና በመሙላት ጊዜ የሚባክነው ተጨምሮ ከቆጣሪ 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ቀላል መመዘኛ ይገኛል። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 40 በመቶ እስካልደረሰ ድረስ የኤሌክትሪኩ ጉዞ ርካሽ ነው። ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ሁለቱ የሚተካከሉት የኤሌክትሪክ ዋጋ ከ40 ብር ሲያልፍ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከዚህ እጅግ በታች ነው። በሕዝብ ኃይል መሙያ ጣቢያዎች ግን የአገልግሎት ክፍያ ስለሚታከል፣ እዚያ የሚሞላ ሰው ስሌቱን በጣቢያው ዋጋ ይሥራው።

የዓመቱን ሒሳብ እንመልከት። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 960 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል፤ ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናሰላው 96,000 ብር ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ለዚያው ርቀት 2,400 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ለምሳሌ ያህል አንዱን በ10 ብር ብንይዘው 24,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 72,000 ብር ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና በግዢ ጊዜ የሚበልጥበትን ገንዘብ ለዚህ ቁጥር ስናካፍል፣ ብልጫው በስንት ዓመት እንደሚመለስ እናገኛለን። በዓመት 4,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ሰው ያንኑ ብልጫ ለመመለስ ሦስት እጥፍ ጊዜ ያስፈልገዋል። በመኪናው ብዙ የማይጓዝ ሰው ስለ ነዳጅ ቁጠባ ሲነገረው ይህን ያስታውስ።

ከፍታና ቁልቁለት

በባሕር ጠረፍ አገሮች የተጻፉ ንጽጽሮች የማይነግሩን ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ስለሆነ፣ ከተመዘገበለት ጉልበት ሩቡን ያህል እዚህ ያጣል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ማርሹ ዝቅ ማለት የሚያበዛው ስለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም።

ዳገቱ ግን ኃይል መጠየቁ አይቀርም። ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ማለት ይህ ነው። ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር ሠርቶ ከዚያ ኃይል ሁለት ሦስተኛውን ያህል ሊመልስ ይችላል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያንን መልሶ መውጣት ለከፍታው ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ስለዚህ በመልስ ጉዞ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቀሪ ርቀት በፍጥነት ቢያሽቆለቁል ባትሪው ተበላሸ ማለት አይደለም። አሽከርካሪው ጉዞውን ሲያቅድ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ከፍታውንም ይቁጠር።

መኪናው የት ያድራል?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ተራ የ220 ቮልት ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። በ10 ሰዓት ሌሊት 22 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። እንግዲህ በቀን 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው፣ የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ካለው፣ በትክክል የተዘረጋ አንድ ሶኬት በቂው ነው። መብራት ቢጠፋም 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሙሉ ባትሪ ለዚህ ሰው የአንድ ሳምንት ስንቅ ይሆነዋል።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁኔታ የተለየ ነው። ቆጣሪው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መኪናው ደግሞ በጋራ ማቆሚያ ውስጥ ነው። ከበረንዳ ቀጭን ገመድ ማውረድ አደገኛ መፍትሔ ነው፤ በገመድ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ አምፔሩ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ፣ ሰው በተኛበት። አስተማማኙ መንገድ የነዋሪዎች ማኅበር ተስማምቶ በማቆሚያው ላይ የተለየ ቆጣሪና ልኩን የጠበቀ መስመር እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። ተከራይ ደግሞ ይህንኑ ከአከራዩ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማማ። ይህ ካልተሳካ ባለመኪናው ኑሮውን በሕዝብ ጣቢያ ወረፋ ላይ ይመሠርታል፤ የቤንዚን ሰልፍን ሸሽቶ ሌላ ሰልፍ ይገባል።

እዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄም ይነሣል። የቀረጥና የታክስ እፎይታው ሙሉ ጥቅም የሚደርሰው ግቢ ላለው ነው። ግቢ የሌለው ደመወዝተኛ በተዘጋው ገበያ ውስጥ ያረጀ የቤንዚን መኪና ሲሻማ፣ የነዳጁንም የዋጋ ጭማሪ ይሸከማል።

ባትሪ፣ መሰኪያና ጥገና

የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይትና ካንዴላ አይለወጥለትም፤ የፍሬን ሸራውም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ነገር ግን ባትሪው ከዋጋው ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ የአምራቹ ዋስትና አገር ውስጥ ይሠራ እንደሆነ፤ በይፋዊ ወኪል በኩል ያልገባ መኪና ዋስትናው ላይከተለው ይችላል። ሁለተኛ፣ መሰኪያው፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ ቲ የተባለውን፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 የተባለውን ይጠቀማሉ፤ በአቅራቢያችሁ ያለው ጣቢያ የትኛውን እንደያዘ እወቁ። ሦስተኛ፣ የባትሪው ጤንነት፤ ያገለገለ መኪና ከሆነ በፈጣን ጣቢያ ከ20 እስከ 80 በመቶ ሙሉትና የገባውን ኃይል አንብቡ። 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል የተባለ ባትሪ 36 ያህል መውሰድ አለበት። 30 ብቻ ከወሰደ፣ ከአቅሙ ስድስተኛውን ያህል አጥቷል ማለት ነው።

የቤንዚኑ መኪና ብልጫ በጥገና በኩል ይታያል። መለዋወጫው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ በየወረዳው ከተማም የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም። 400 ቮልት ገደማ የሚሸከምን ሥርዓት መፈታታት ግን የተለየ ሥልጠና ይጠይቃል።

ስለ አካባቢ አጭር ቃል ልጨምር። ባትሪ ሲመረት ብዙ ካርቦን ይለቀቃል፤ ለ60 ኪሎዋት ሰዓት ከ3.6 እስከ 6 ቶን ቢታሰብና አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም እንደሚለቅ ቢያዝ፣ ዕዳው ከ20,000 እስከ 33,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጉዞ ይከፈላል። ይህን ያህል ቶሎ የሚከፈለው የኤሌክትሪክ ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ይህንኑ አጠናክሯል።

ማጠቃለያ

የራሱ ግቢና ቆጣሪ ያለው፣ በከተማ ውስጥ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ኤሌክትሪኩን ቢመርጥ ስሌቱ ይደግፈዋል። ኃይል መሙያ በሌለበት ገጠር ለመስክ ሥራ የሚመላለስ ተመራማሪ፣ ወይም በዓመት ጥቂት ብቻ የሚነዳ ሰው፣ በደንብ የተያዘ የቤንዚን መኪና ቢገዛ አያስወቅሰውም። ማደሪያ ያላገኘ ደግሞ በቅድሚያ ማደሪያውን ያግኝ፤ ቀብድ የሚከፍለው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ልስጥ። የሠራተኞች መኪኖች በግቢያችን በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ይቆማሉ። አንድ ሶኬት በዚያ ጊዜ 17.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ግቢ ለሌለው ባልደረባችን የዕለት ጉዞውን ከእጥፍ በላይ ይሸፍንለታል። ሃያ ሶኬቶች ቢዘረጉ ትራንስፎርመሩ ይችላል ወይ? ክፍያውስ እንዴት ይለካ? አስልታችሁ አምጡልኝ።