ቀዝቃዛ የጃፓን ምግቦች በቤታችሁ፦ ለሙቀት ወቅት 4 ቀላል አሠራሮች (እና ሐኪም የሚላችሁ ነገር)

ሰሞኑን ከዱባይ፣ ከሪያድ፣ ከቤሩት በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ዶክተር፣ በዚህ ሙቀት ምግብ አልወርድ አለኝ፤ ምድጃ አጠገብ መቆም ራሱ አቃተኝ፤ ምን ልብላ?" ዛሬ መልሱን ከጃፓኖች እንበደር።

ለምን ከጃፓን? ሐምሌና ነሐሴ እኛ አዲስ አበባ ላይ ጃኬት ደርበን ዝናብ ስንሸሽ፣ እነሱ ጋ ወበቁ ትንፋሽ ያሳጣል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 2018 ኩማጋያ የተባለችው ከተማ 41.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መዝግባለች። በሙቀት የሚመጣውን ድካምና የምግብ ፍላጎት መጥፋት "ናትሱባቴ" ብለው ስም አውጥተውለታል። ለዚህም ቶሎ የሚሠሩ፣ ቀዝቅዘው የሚበሉ ምግቦች አሏቸው።

✅ 1. ሂያያኮ (ቀዝቃዛ ቶፉ)
ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ፣ አይብ የሚመስል ምግብ ነው። ለስላሳውን ዓይነት ከፍሪጅ አውጥታችሁ ውሃውን አንጠፍጥፉት፣ ቁረጡት። ከላይ የተፈቀፈቀ ዝንጅብልና በደቃቁ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ሶያ ሶስ። አለቀ! በ100 ግራም 5 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ጃፓኖች የደረቀ ዓሣ ይነሰንሱበታል፤ ያንን ከተዋችሁት ለፍልሰታ ጾምም ይሆናል።

✅ 2. ሶሜን
በጣም ቀጭን የስንዴ ኑድል ነው። በፈላ ውሃ ውስጥ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። አጥልሉት፣ በቀዝቃዛ ውሃ እያሻችሁ እጠቡት። ማጠቡን አትዝለሉት፤ ሶሜን ሲሠራ ብዙ ጨው ይገባበታል፣ አብዛኛው የሚወጣው ግን በመቀቀያውና በማጠቢያው ውሃ ነው።
ማጥቀሻው፦ የደረቀ እንጉዳይ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ዘፍዝፉ። ከውሃው 1 ኩባያ ወስዳችሁ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስና 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሩ፣ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት። ለ3 ሰው ይሆናል። ከተለመደው የቀጠነ ነው፤ ሆን ብዬ ነው።
ሶሜን ብቻውን ግን ምሳ አይሆንም። ያው ዱቄት ነው፤ ሳይታወቅ ብዙ ይበላል። በተለይ ስኳር ያለባችሁ መጠኑን ቀንሳችሁ ከቶፉ ወይም ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ብሉት።

✅ 3. ሱኖሞኖ
ኪያር በስሱ ቆርጣችሁ ቆንጠር ያለ ጨው ነስንሱበት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ውሃውን ጨምቁት። 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ለውሱበት። አፍ ይከፍታል።

✅ 4. ሙጊቻ
ይሄ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ የተቆላ ገብስ ሻይ ነው። የገብስ ቆሎ ቤት ውስጥ አለ አይደል? ያለ ጨውና ያለ ቅባት ጠቆር እስኪል ቁሉት። 3 የሾርባ ማንኪያውን በ1 ሊትር ውሃ 10 ደቂቃ አፍሉት፣ አጥልሉት፣ ቀዝቀዝ ሲል ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ካፌይን የለውም፣ ስለዚህ እንቅልፍ አይነሳም። በአንድ ቀን ጨርሱት፤ ቶሎ ይበላሻል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። እባካችሁ እነዚህን ሳታነቡ እንዳትዘሉ።

⚠️ ጀርም፦ እኛ ወጥ እናንተከትካለን፤ እሳቱ ብዙ ጀርም ይገድልልናል። ቀዝቃዛ ምግብ ላይ ግን ከእጃችን፣ ከቢላው ወይም ከውሃው የገባው ጀርም በቀጥታ ወደ ሆድ ይሄዳል። የቧንቧው ውሃ የማይታመንበት ቦታ ከሆናችሁ ኑድሉን መጨረሻ ላይ የምታለቀልቁበት ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በረዶውም እንደዚያው፤ ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም፣ እንዲተኛ ነው የሚያደርገው። ውጭ የቆየ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ አይበላ፣ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ለሰዓታት ከቆመ ቶፉውን ጣሉት። "ላሙቀውና ልብላው" አይሠራም፤ አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ሲሞቅ አይጠፋም። እርጉዞች በተለይ ተጠንቀቁ።

⚠️ ጨው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ 2.5 ግራም ገደማ ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። ስለዚህ በአንድ ማንኪያ ግማሹ አለቀ ማለት ነው! ጃፓኖች ዋጋውን ከፍለውበታል፤ ከ1951 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ አንደኛ ገዳይ ስትሮክ ነበር። በኋላ ጨው እየቀነሱና ደም ግፊትን እያከሙ ነው ያወረዱት። ግፊት ያለባችሁ ጫፉን ብቻ አጥቅሱ፣ የተረፈውን ማጥቀሻ አትጠጡት።

⚠️ አለርጂ፦ ገበያ ላይ ከሶሜን ጎን "ሶባ" የሚባል ጠቆር ያለ ኑድል ታገኛላችሁ። ከባክዊት እህል ነው የሚሠራው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። መጀመሪያ ጥቂት ቅመሱ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል! የግሉተን ችግር ያለባችሁ ደግሞ ሶሜንም ሙጊቻም ሶያ ሶስም ይቅርባችሁ። ሶያ ሶስ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለ።

በመጨረሻ፦ እነዚህ ምግቦች ሰውነት ለማቀዝቀዝ ይረዳሉ እንጂ በሙቀት የተመታን ሰው አያክሙም። ሰውነቱ የሚያቃጥል፣ የሚቀባዥር ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካያችሁ ሙጊቻ አታጠጡት። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላልታችሁ ውሃ አርከፍክፉበት፣ እያራገባችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ቤት ውስጥ ሠራተኛ ሆናችሁ ፀሐይ ላይ የምትውሉ እህቶቼ፣ ይሄን የመጨረሻውን አንቀጽ አብረዋችሁ ላሉት በቃል ንገሯቸው።

የትኛውን ልትሞክሩ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ። ጤና ይብዛላችሁ!