የደጋፊዎች ትጋትና የዘመቻ ሹማምንት

ገንዘቡን የሰጠ ሰው፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ መጠየቁ የተገባ ነው። የቴክሳስ እንደራሴ ሮን ፖል ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በተወዳደሩ ጊዜ የሆነው ነገር ይህንኑ ያስረዳል። ደጋፊዎቻቸው ከዘመቻው ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ ሳይጠብቁ በኢንተርኔት ተጠራርተው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ኖቬምበር 5 ቀን ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ዲሴምበር 16 ቀን ደግሞ 6 ሚሊዮን ያህል አዋጡ። የእጩውን ስም የተሸከመ፣ በጋዝ የሚንሳፈፍ ታላቅ ፊኛም ተከራይተው በሰማይ አሳዩ።

ነገር ግን ጽሕፈት ቤቱ በቴሌቪዥን ያወጣቸው ማስታወቂያዎች ሙያ የጐደላቸው መስለው ስለ ታዩአቸው፣ የብዙዎቹ ቅሬታ በረታ። በ2008 ዓ.ም. ጃንዋሪ 8 ቀን በኒው ሃምፕሸር በተደረገው ምርጫ እጩው ከመቶ 8 ያህል ድምፅ አግኝተው 5ኛ ሆኑ።

በእርግጥ ሽንፈቱን ሁሉ በማስታወቂያ ማሳበብ ፍርድ ማጓደል ነው፤ የኢራቅን ጦርነት መቃወማቸውም ከብዙ የፓርቲያቸው ሰዎች አራርቋቸው ነበርና። ቢሆንም ሕዝብ በፈቃዱ የደከመለት ዘመቻ፣ ከደጋፊዎቹ መካከል ባለሙያዎችን መርጦ ሊያሠራ፣ የገንዘቡንም አዋዋል ሊገልጽ ይገባዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው፣ ድሩን በብልሃት የሚገምድ እጅ ሲገኝ ነው። ገንዘብ የሰጠ ሰው ምክርም አለውና፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ምክሩን መናቅ አይገባም።